ማሽኑ ዛሬም ልኳል

ወንድሜ ውጤቱን በእጁ ነበር የሚልከው። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው የተታለልኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ምን እንደምንሠራ ላስረዳ። ሁለትን በራሱ ደጋግመህ ታባዛለህ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ትቀንሳለህ። አስራ አንድ ሁለቶችን ብታባዛ ሁለት ሺህ አርባ ስምንት ይመጣል፣ አንድ ሲቀነስ ሁለት ሺህ አርባ ሰባት። ስታየው የሚያካፍለው ያለ አይመስልም። ግን ሃያ ሦስት እኩል ያካፍለዋል። እኛ የምንፈልገው እንደዚያ ሃያ ሦስት ያለውን ነው። ብቻ የኛ ቁጥሮች ሁለት ሺህ ምናምን አይደሉም፤ ቢታተሙ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ የሚወጣቸው ናቸው። በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች በየቤታቸው ኮምፒውተር ከፍተው ይሄንኑ ይፈልጋሉ። ድረገጹ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ከዚህ እስከዚህ ድረስ ፈልግ ይልሃል፣ ትፈልጋለህ፣ ትልካለህ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውጤቱ አንድ ነው፤ አካፋይ አልተገኘም። እሱም ቢሆን ይላካል፣ ሌላ ሰው ያንኑ ድንጋይ ደግሞ እንዳይገለብጥ።

እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ፣ «እና ካገኛችሁ ምን ይሰጧችኋል?» አለች።

«ምንም።»

«ካላገኛችሁስ?»

«እሱም ምንም።»

«በሉ አላህ ያግዛችሁ» አለችና ወደ ማድቤቷ ሄደች።

እኔ ትዕግስት የሚባል ነገር የለኝም። ሊፍት ሲዘገይ አራት ፎቅ በእግሬ የምወጣ ሰው ነኝ። ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ወንድሜ ነው። ሪያድ፣ ባጥሐ ሰፈር ውስጥ ከሐዋላ ቤቶቹ ጀርባ ባለ ቀጭን መንገድ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። አንድ ጌም የሚጫወት የሀብታም ልጅ ማራገቢያው የተበላሸ ግራፊክስ ካርድ «ጣሉት» ብሎ ትቶ ሄደ፤ ወንድሜ ማራገቢያ ገጠመለት፣ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተውና መንፉሐ ሰፈር ወዳለው ቤታችን አመጣው። ሳሎን ውስጥ ኤሲው ሥር አስቀመጠው። በጋ ሲመጣ ግን ኤሲው እኛንም ካርዱንም ማቀዝቀዝ አልቻለም። እናቴ ፍራሿን ወደ ኤሲው እየጎተተች፣ «ለኔም አካፋይ ፈልጉልኝ፣ ከዚህ ሙቀት የሚያካፍለኝ» ትል ነበር።

ያኔ እኔ ኮሌጅ ነበርኩ፣ ኮምፒውተር ነበር የምማረው። ወንድሜን በጣም የምጨቀጭቀው በአንድ ነገር ነበር። ማሽኑ ራሱ ቁጥር ወስዶ፣ ሠርቶ፣ ራሱ ውጤት እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። እሱ እምቢ አለ። ውጤቱን አንድ በአንድ አንብቦ፣ ገልብጦ፣ ድረገጹ ላይ ለጥፎ፣ «ላክ» የሚለውን በጣቱ መጫን አለበት። ሲመቸው ሥራ ከመሄዱ በፊት፣ ሲመቸው ምሳ ላይ ይልካል። ሲረሳ ደግሞ ያጠራቅምና አንዴ ይዘረግፈዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ አስር መስመር ፕሮግራም ልጻፍልህና ተገላገል።»

«ሰው ሳያየው የሚሄድ ውጤት ምኑ ውጤት ነው?»

«ማንም አያየውም እኮ!»

«እኔ አየዋለሁ። ያላ፣ አንቺ ሂጂና ዲግሪሽን ጨርሺ።»

አንድ ቀን እሱ ሥራ ውሎ እኔ ማሽኑ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለ አካፋይ ተገኘ። ጮህኩ። ጎረቤታችን የመናዊቷ ሌባ የገባ መስሏት በሩን ደበደበች። ወንድሜ ሲመጣ ስክሪኑን ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ካርዱ የኔ፣ መብራቱ የአባባ፣ አካፋዩ ያንቺ። ኸላስ፣ ይሁን» አለ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ እየሳቀ፣ «ቆይ፣ እኔ ሳገኝ ጎረቤት ብቻ አይደለም፣ መንፉሐ በሙሉ ነው የሚሰማው» አለኝ።

እሱ አንድም አላገኘም ነበር።

ወንድሜ ሪያድ ነው የተወለደው። ካደገ በኋላ ግን በአባቴ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ መቆየት አይችልም ነበርና የራሱ ከፊል፣ ስፖንሰር የሚሆነው አሠሪ፣ ያስፈልገው ነበር። አንድ ሳዑዲ በሹፌርነት አስፈረመው። እሱ ደግሞ ሹፌር አልነበረም፣ ባጥሐ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር፤ ሰውየውም ያውቃል። ተጣሉና ሰውየው ሁሩብ አደረገበት፣ ማለትም «ከእኔ ጠፍቷል» ብሎ አመለከተበት። ከዚያ በኋላ ኢቃማህ ወረቀት ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ጠርሙስ መክፈቻ እንደያዘ... አይ፣ እንደሱ አይባልም፣ ብሎን መፍቻ፤ ስናደድ እንዲህ ቃል ይጠፋኛል። ብሎን መፍቻ በእጁ እንደያዘ ወሰዱት። ቤት አልተመለሰም። ልብሱን የወሰደችለት እናቴ ናት፤ እሷንም አላስገቧትም። ከእስር ቤቱ ቀጥታ ወደ አውሮፕላን። ኖሮበት የማያውቀውን አገር «አገርህ ግባ» አሉት።

ኮምቦልቻ የእናቴ እህት ቤት ገባ። መጀመሪያ ሲደውል እየሳቀ ነበር።

«ሰፈሩ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? አረቡ!»

«እዚህ ደግሞ ሐበሺ ነበር የሚሉህ።»

«እሱን ነው የምልሽ። አንዱ እንኳ በስሜ አይጠራኝም።»

እናቴ ሥራ አጥቶ እንዳይብሰለሰል ብላ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በካርጎ ላከችለት። እኔ የልጅ መጫወቻ መላክ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። የሚገርመው ደረሰ፣ ሠራም። እኔና እሱ ድረገጹ ላይ በአንድ አካውንት ነበርን፤ እያንዳንዱ ማሽን ግን በስሙ ይታያል፣ መቼ ምን እንደላከም ይታያል። አንድ ቀን ጠዋት ገጹን ስከፍት የሱ ማሽን ልኳል።

«ኡሚ፣ ልጅሽ ተነስቷል። ልኳል።»

እናቴ የሴቶች ትምህርት ቤት ነው የምታጸዳው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባያዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩን ከመክፈቷ በፊት፣ «ልኳል?» ትለኛለች። «ልኳል» እላታለሁ። ትወጣለች። ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር አታውቅም። ልጇ ግን ውጤቱን በእጁ እንደሚልክ ታውቃለች፤ ስንጨቃጨቅበት አብራን ኖራለች። ልኳል ማለት ተነስቷል፣ ቁጭ ብሏል፣ እጁ ይሠራል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ኔትወርክ አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ ይጠፋል፤ በስልክ ድምፁን ያላገኘን ቀን ገጹን እናያለን።

እኔ በዚያን ጊዜ ተመርቄያለሁ። ቤት ነኝ። ለሥራ ስደውል ገና ስሜን ሳይጠይቁ «ጂንሲያ?» ይላሉ፣ የየት አገር ዜጋ ነሽ ለማለት። ኢትዮጵያዊት ስል ድምፃቸው ይቀየራል። አንዷ እንዲያውም፣ በቅን ልብ፣ «ለቤት ሠራተኝነት ነው እንዴ የደወልሽው?» አለችኝ። ዘጋሁባት። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ገጹን አያለሁ።

ከዒድ በኋላ ወንድሜ መደወል ቀነሰ። የስልኬ ስክሪን ተሰብሯል ብሎ ጻፈ። አክስቴ ጋ ስንደውል አንዴ ገበያ ነው፣ አንዴ መስጊድ ነው፣ አንዴ ተኝቷል። አንድ የድምፅ መልእክት ላከልን፤ ነፋስ ድምፁን ይውጠዋል። «ደህና ነኝ፣ ጣራ ላይ ወጥቼ ነው፣ የዚህ አገር ነፋስ አይጣል» ይላል። እናቴ፣ «ራቁቱን ጣራ ላይ ይወጣል፣ ብርድ ሊመታው ነው» ብላ ተጨነቀች። የተጨነቅንበት ነገር ይሄ ነበር።

ገጹ ላይ ግን እንደዚያ ዘመን አምሮበት አያውቅም። በየቀኑ ይልካል። መርሳት የለ፣ ማጠራቀም የለ። ማለዳ ላይ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ደቂቃ፣ እንደ ሶላት ሰዓት። እኔም ደስ አለኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ሆነልሽ» አልኳት እናቴን። ኮምፒውተር ተምሬ ተመርቄያለሁ። ሰው በየቀኑ በአንድ ደቂቃ ላይ አይነሳም። ወንድሜ ደግሞ በተለይ አይነሳም። ይሄን ለማየት ዲግሪም አያስፈልግም ነበር፣ ወንድሜን ማወቅ ይበቃ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ገጹን ስከፍት «አልተገኘም» ከሚለው ሰልፍ መሃል አንዱ የተለየ ነው። ተገኝቷል። በሱ ማሽን ስም።

መጀመሪያ አላመንኩም። ራሴ አረጋገጥኩት። አካፋይ ለማግኘት ዕድሜ ይፈጃል፣ ለማረጋገጥ ግን ዓይን እስክትጨፍን ነው። ቀሪ ዜሮ። ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ዘለልኩ። ወዲያው ጻፍኩለት፤ «አንተ!!! አይተኸዋል??» አንድ ምልክት ብቻ፣ አልደረሰውም። ጠበቅኩ። እስኪደውል ጠበቅኩ። የዙሁር ሶላት አለፈ። የአስር ሶላትም ደረሰ። ከአንድ ሰዓት በላይ የጠበቅኩት ነገር በሕይወቴ ትዝ አይለኝም፤ ያን ቀን ግን ጠበቅኩ፣ ምክንያቱም እሱ ነው መጮህ ያለበት፣ ደስታው የሱ ነው፣ አልቀማውም ብዬ።

ከዚያ ደስታዬ ቀስ እያለ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረብኝ። ይሄ ሰው ማለዳ ውጤቱን አንብቦ፣ ገልብጦ፣ በጣቱ ልኮታል። አይቶታል ማለት ነው። አይቶት ዝም ብሏል? አካፋይ አግኝቶ ዝም የሚል ሰው የለም። ወንድሜ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

አክስቴ ጋ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ ወንድሜን አቅርቢልኝ።»

«ተኝቷል የኔ ሆድ።»

«ቀስቅሽው። አግኝተሃል በዪው።»

«ምኑን?»

«እሱ ይገባዋል። አግኝተሃል ብለሽ ብቻ ጩሂበት፣ ራሱ ይነሳል።»

ከኋላዋ ሬዲዮ ይሰማኛል።

«ወጣ ብሏል መሰለኝ» አለች።

«አሁን ተኝቷል አላልሽኝም?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ የተኛ መስሎኝ...»

«አክስቴ፣ ቤት ነው ያለው? ወላሂ በዪኝ።»

አክስቴ ልትዋሽ ትችላለች፤ ገበያ ሄደ፣ መስጊድ ሄደ ስትለን ከርማለች። ወላሂ ብላ ግን አትዋሽም።

«ወላሂ በዪኝ አልኩሽ እኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ አታስጨንቂኝ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «አትንገሪ ብሎ አስምሎኝ ነው። እናቴ ከሰማች ትሞታለች፣ ስደርስ እኔው እነግራታለሁ ብሎ።»

«ስደርስ? የት?»

«ወደናንተ ነዋ። ከዒድ በኋላ ነው የወጣው። በየመን በኩል። ቤቴ ሪያድ ነው አለኝ፣ ምን ልበለው?»

«እና ማሽኑን ማነው የሚነካው?»

«ማንም። ራሱ ነው የሚሠራው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ራሱ ይነሳል። እንዳታጠፊው ብሎኛል።» አፍንጫዋን ስትምግ ሰማኋት። «እህቴ ታየዋለች አለኝ።»

ስንት ጊዜ ልጻፍልህ ያልኩትን ፕሮግራም ራሱ ጽፎታል። ለኔ ሲል ነው የጻፈው። እንዳልፈልገው።

እናቴ ከሥራ ስትመጣ በሩ ጋ ጫማዋን እያወለቀች፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ዛሬስ ልኳል?» አለች። ጠዋት ቸኩላ ሳትጠይቀኝ ነበር የወጣችው። እኔ ነገርን ማለዘብ አልችልም፣ አልሞከርኩምም። ነገርኳት። አልጮኸችም። ጫማዎቹ ላይ እንዳለች ቁጭ አለች።

«እና እስካሁን ሲልክ የነበረው ማነው?»

«ማንም ኡሚ። ማሽኑ ነው።»

«ሰው ሳያየው?»

«አዎ።»

አባቴ ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፣ ያን ቀን ወደ ደማም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። በስልክ ነገርኩት። ሞተሩ ሳይጠፋ ዳር ይዞ መቆሙ ይሰማኝ ነበር። «እሺ» አለ መጨረሻ ላይ።

ከዚያ እናቴ መንፉሐን በር ለበር ዞረች። በዚያ መንገድ ልጅ የመጣላቸውን፣ የቀረባቸውን ሴቶች ሁሉ ታውቃለች፤ እዚህ ሁሉም ሰው የሆነ ሰው ያውቃል። በሰው በሰው አንድ ልጅ አገኘን። ከወራት በኋላ ነው፤ ፉጣ በሚባል የሪያድ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ተደብቆ መኪና ያጥባል። ሊያናግረን ፈራ። እናቴን ሲያይ ግን ባልዲውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ስንት ሰው ነው እዚያ መንገድ ላይ ያለው» አለኝ። «በምን እለየዋለሁ?»

«አረብኛ እንደ ሳዑዲ ነው የሚናገረው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አረቡ?»

እናቴ አፏን በሻርፗ ያዘች።

«እሱን ነበር ደላሎቹ አስተርጓሚ የሚያደርጉት» አለ። «ደህና ልጅ ነበር። ያስቀን ነበር። ቤት ማሽን አለኝ፣ እኔ እዚህ በእግሬ እየሄድኩ እዚያ ሥራ ላይ ነኝ ይለን ነበር። አበደ ብለን ሳቅንበት።»

«የት ተለያያችሁ ወንድሜ?»

«ድንበሩ ጋ። ተራራው ላይ ተተኮሰብን። ሁሉም በየፊናው ሮጠ። እኔ ወደ ላይ ሮጥኩ፣ እሱ ወደ ታች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወደ ኋላ ያየ ሰው የለም እህቴ።»

ቀኑን ጠየቅኩት። ቀን አልቆጠረም፣ ግን ጁምዓ እንደነበር ያውቃል፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን አብረን አሰላነው። አካፋዩ የተገኘው ከዚያ ጁምዓ በኋላ በመጣው ማክሰኞ ነው።

ወደ ቤት በታክሲ ስንመለስ እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። መንፉሐ ልንደርስ ስንል፣ «ወደ ታች ነው ያለው? ወደ ታች ቤት ይኖራል፣ ውሃ ይኖራል» አለች።

ከዚያም በኋላ እናቴ ጠዋት በሩ ጋ መጠየቅ አልተወችም።

«ልኳል?»

«ኡሚ፣ ማሽኑ እኮ ነው። እሱ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ልኳል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ልኳል።»

እኔን እያሳበደኝ ነበር። በዚያው ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ አልተገኘም፣ አልተገኘም፣ አልተገኘም። አንድ ቀን አክስቴ ደወለች። ክፍሉን ልታከራየው ነው፣ ተከራዩ ማሽኑ ጫጫታ አለው ብሏል፣ ግን ቃል ስላለባት ሳትጠይቀን አትነካውም። እኔ «አታጥፊው!» ብዬ ጮህኩ። ለምን እንደጮህኩ አላውቅም፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት ብትጠይቀኝ ሰባብሪው እላት ነበር።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አጥፊው እህቴ» አለቻት። «አጥፊውና በጨርቅ ሸፍኚው፣ አቧራ እንዳይገባው። ሲመጣ ራሱ ያብራው።»

በማግስቱ አባያዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ሳትጠይቀኝ ወጣች።

ድረገጹ ሕግ አለው። የወሰድከውን ቁጥር ሳትልክ ከዘገየህ ቁጥሩ ከአንተ ይወሰድና ለሌላ ፈቃደኛ ይሰጣል። ማንም አይቆጣህም፣ ማንም የት ጠፋህ አይልህም። የወንድሜ ማሽን ይዟቸው የነበሩት ቁጥሮች አንድ በአንድ እንደዚያ ሄዱ። ቆሜ አየኋቸው። የመጨረሻው ሲቀር ግን አልቻልኩም፣ እሱን ራሴ ወሰድኩት።

ካርድ የለኝም። የኮሌጅ ላፕቶፔ ነው ያለኝ፣ ያረጀ፣ ጭን የሚያቃጥል። ካርዱ በቀን የሚጨርሰውን ላፕቶፔ ወር ይፈጅበታል። ሳሎን ውስጥ ኤሲው ሥር አስቀምጬዋለሁ፣ ድሮ ማሽኑ በነበረበት ቦታ። እስካሁን ምንም አላገኘም፤ አያገኝም ይሆናል። አንዱን ክፍል በጨረሰ ቁጥር ውጤቱን ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ እለጥፈዋለሁ። ራሱ እንዲልክ ማድረግ እችላለሁ፣ አስር መስመር ነው። አላደርገውም። በእጄ ነው የምልከው።